የግራው ጊታር

መጀመሪያ የሰማሁት መጫር ነበር፤ ቆርቆሮ ላይ ስንዴ ሲፈስ እንደሚሰማው ያለ ደረቅ፣ ቀጭን፣ የማያባራ ድምፅ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ጠዋት ቢሆንም የድሮው የካልሲ ፋብሪካ ደረጃ መስኮት ስለሌለው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ግድግዳውን እየዳበስኩ ስወጣ ድምፁ እየቀረበ መጣ። አንዴም አልፈጠነ፣ አንዴም አልዘገየ። አይጥ ነው እንዳልል አይጥ እንኳን መሃል ላይ ያርፋል። የመጨረሻው እርከን ላይ ስደርስ የሰው እግር ረገጥኩ።

«ቀስ በል፣ ወንድሜ» አለኝ ጨለማው። «ደግሞ ዘግይተሃል።»

«መብራት የለም እኮ።»

«መብራት ባይኖርም ሰዓት አለ።»

ቩካሺን ነበር። ኤሌክትሪክ ጊታሩን ያለ ኤሌክትሪክ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በሩ እስኪከፈትለት ድረስ በጨለማ ይለማመዳል። ሙያው የሚዛን ተቆጣጣሪ ነው። በከተማችን በዝሬንያኒን ገበያ የማያውቀው ሚዛን የለም። ያጎደለች ሚዛን ስትኖር ሚዛኗን ሳይሆን የባለቤቷን ፊት አይቶ ያውቃል ይባላል። የቅርብ ጓደኛውን እናት ሚዛን ሳይቀር በሰው ፊት አስተካክሏል። እሳቸውም እስከ ዛሬ «እግዜር ይስጠው» ይላሉ፤ የሚሉበት ድምፅ ግን ሌላ ነው።

ከሥራ ውጭ «ደረቅ ድልድይ» የሚባል የሮክ ባንድ አለው። ከተማችን ውስጥ ወንዙ መንገዱን ከቀየረ በኋላ ሜዳ ላይ የቀረ ድልድይ አለ፤ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። ሚሌቫ ትዘፍናለች፣ ባስ ጊታርም ትጫወታለች። ድራሙና ባሱ ተቀድቶ አልቋል፤ ሚሌቫ መጨረሻ ላይ ትዘፍናለች። የቀረው ጊታሩ ነው። እኔ ጎይኮ የምባለው ቀጂው ነኝ። ስቱዲዮው የጋሽ ላዛ ነው፤ ድሮ ካልሲ ይተኮስበት የነበረ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ የለጠፍነው ፍራሽና ብርድ ልብስም የፋብሪካው ነው። ጋሽ ላዛ የሚቀዱት በአብዛኛው የሰርግ መለከተኞችን ስለሆነ ሮክ ሲመጣ በር ላይ ቆመው አዝነው ያያሉ።

ቩካሺን ከዚህ አልበም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር።

«ግድግዳ» ብሎኛል ገና በመጀመሪያው ቀን። «ሰው ስፒከሩን ሲከፍት ጊታሩ ከወዲህ ጥግ እስከ ወዲያ ጥግ መቆም አለበት። ሰውየው መተንፈሻ ማጣት አለበት። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ያለው፣ ጎይኮ። ይሄ ካልወጣ አልበሙ ይቅር።»

የዓመት ዕረፍቱን በሙሉ ለዚህ ሰጥቷል። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ብቻዋን ወደ ባሕር ሄዳለች።

ከዚያ ሌላ አንድ ተጨማሪ ፍላጎት ነበረው፤ ጊታሩን በሙሉ ራሱ ብቻ መጫወት። ድሮ ሁለተኛ ጊታር የሚጫወተው ስሬችኮ ነበር። ስሬችኮ የቩካሺን የሰርግ ሚዜ፣ የልጁም የክርስትና አባት ነው። ምት ግን አይጠብቅም። እኛ ዘንድ አበልጅ አይባረርም፤ ስለዚህ ቩካሺን አላባረረውም፤ የልምምድ ሰዓት መንገር ብቻ ተወ። አበልጅ አይቀየምም፤ ስለዚህ ስሬችኮም አልተቀየመም፤ ሰላምታውን ብቻ አሳጠረ። በልጅቷ ልደት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ ዝናብ ያወራሉ።

መብራቱ መጣና ሥራ ጀመርን።

የጊታር ግድግዳ የሚሠራበት መንገድ የታወቀ ነው። ጊታሪስቱ ዘፈኑን አንዴ ይጫወታል፤ እሱን በቀኝ ስፒከር ታደርገዋለህ። ከዚያ ያንኑ ሁለተኛ ይጫወታል፤ እሱን በግራ። ሰው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ እኩል ስለማያደርገው እዚህ ጋ ትንሽ ይቀድማል፣ እዚያ ጋ ትንሽ ይዘገያል። ጆሮ ያንን ልዩነት ሲሰማ ቦታው ሰፊ ነው ብሎ ያምናል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ቩካሺን አንዴ ተጫወተ። ሁለተኛ ተጫወተ። ሁለቱን ግራና ቀኝ አድርጌ ከፈትኩ።

ጊታሩ መሃል ላይ ቆመ። ቀጭን ሆኖ፣ ልክ አንድ ሰው ጠባብ ኮሪደር ውስጥ እንደሚጫወት።

«አንዱን ገልብጠህ ነው ሁለቱም ጋ ያደረግከው» አለኝ።

እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ገመዶቹን ፈተሽኩ። ማይኩን ነቅዬ ሰካሁ። ከዚያ ሁለቱን ቅጂዎች ኮምፒውተሩ ላይ አንዱን ካንዱ በታች ዘርግቼ አሳየሁት። የተለያዩ ነበሩ፤ በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ሲያስል ይሰማል። ከሳሉ በኋላ ግን እንደተተኮሰ ሱሪ ሁለት እግር አንድ ናቸው።

ቩካሺን ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ። ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ደስታ መጣ።

«ይኸው። ታዲያ ምን ጎደለው?»

«ስህተት።»

«ምን?»

«ስህተት የለውም። ስለዚህ አይሰፋም።»

«ስማ፣ እኔ ስህተት ፍለጋ አይደለም ስቱዲዮ የመጣሁት። ስህተት ሜዳው ሙሉ ነው።»

ጊታር ቀየርን። ያው ነው። አምፕሊፋየር ቀየርን፤ ቀለሙ ተለወጠ፣ ስፋቱ አልተለወጠም። አንደኛውን ቅጂ በኮምፒውተር ትንሽ ገፋ ሳደርገው ደግሞ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ሰው መሰለ። ሁሉም ኖታ እኩል ስለተገፋ ጆሮ ተንኮሉን ወዲያው ያውቅበታል።

«እንደ ሰነፍ ተጫወት» አልኩት። «ግድ የለህም። ሌላ ነገር እያሰብክ።»

ትከሻውን ጣለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አፉን እንኳን ትንሽ ከፈተ። የሰነፍ መልክ በደንብ ወጣለት። ተጫውቶ ሲጨርስ አየሁት፤ እያንዳንዱን ኖታ አዘግይቷል፤ ሁሉንም ግን እኩል ነው ያዘገየው። በኮምፒውተሩ ቀደም ሳደርገው ከመጀመሪያው ላይ ልክክ አለ።

ጋሽ ላዛ የፕሪም አረቄያቸውን ይዘው ገቡ። «አጠጣው» አሉኝ። «ይሄ ልጅ ደርቋል።»

ጠጣ። በጠጣ ቁጥር ይበልጥ ትክክል ሆነ። ሌላ ሰው ሲሰክር የሚረሳውን እሱ ያስታውሰዋል።

«እኔ ዕድሜዬን መለከተኛ ስቀዳ ነው የኖርኩት» አሉ ጋሽ ላዛ። «አራቱም በየራሳቸው ጊዜ ይገባሉ፤ አንዱ ጭራሽ ሲበላ ቆይቶ ይደርሳል። ጣሪያው ግን ይነሳል። እናንተ ተምራችሁ ተምራችሁ ድምፁን ጨረሳችሁት።»

«ጋሽ ላዛ፣ እርስዎ እባክዎ በሩን ይዝጉት» አለ ቩካሺን።

ጥግ ተቀምጣ የሱፍ ፍሬ ትፈለፍል የነበረችው ሚሌቫ እጇን አራገፈች።

«ስሬችኮን ጥሩት» አለች።

ሁላችንም ያልሰማን መሰልን። ጋሽ ላዛ እንኳን በሩን ለመዝጋት ዞሩ።

«ሰምታችኋል» አለች።

«ስሬችኮ ምት አይጠብቅም» አለ ቩካሺን።

«እሱኑ እኮ ነው የምንፈልገው።»

«አበልጄን ለጥፋቱ ብዬ ልጥራው?»

«ታዲያ ለምኑ ልትጠራው ኖሯል?»

ቩካሺን ጊታሩን እንደገና ቃኘ። ከቅኝት አልወጣም ነበር። «እኔ አልጠራም» አለ በመጨረሻ። «መጥቶ ካገኘሁት ግን ከቤት አላስወጣም፤ አበልጄ ነው።»

ሚሌቫ ኮቷን ለብሳ ወጣች።

ስሬችኮ በመስከረም የት እንደሚገኝ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ገበያው ውስጥ ከእናቱ ጋር ቀይ ቃሪያ ይጠብሳል። ለክረምት የሚቀመጠውን ቃሪያ በየቤቱ መጥበስ የሰለቸው ሁሉ ለእነሱ ይሰጣል። ከምሳ በፊት መጣ፤ ጣቶቹ ጥላሸት፣ ፀጉሩ ጭስ ጭስ ይላል፤ በአንድ እጁ ጊታር፣ በሌላው ቡሬክ የሚሉት፣ ሥጋ የተሞላ ቂጣ በወረቀት ጠቅልሎ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ከቩካሺን ጋር እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ።

«አበልጄ።»

«አበልጄ። ልጄስ?»

«ባሕር ናት፣ ከእናቷ ጋር።»

«በመስከረም?»

«ውሃው ገና ይሞቃል ይላሉ።»

«ይሞቃል፣ ይሞቃል» አለ ስሬችኮ። ስለ ውሃው ከዚህ በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ ጊታሩን ሰካ።

«ቃኝተኸዋል?» ቩካሺን ጠየቀው።

«ቅርብ ነው።»

«ቅርብ ማለት?»

«ቃሪያውን እሳት ላይ ትቼ መጥቻለሁ፣ አበልጄ። ያንን ያህል ቅርብ።»

ቩካሺን አፉን ከፈተ፤ ሚሌቫ አየችው፤ ዘጋው።

ስሬችኮ የመጀመሪያውን ዘፈን አንዴ ሰማና ተጫወተ። ለብቻው ሲሰማ የሚያሳዝን ነበር፤ ደረጃ ላይ ሶፋ የሚያወርድ ሰው ይመስላል፤ አንዴ ይጣደፋል፣ አንዴ ቆም ይላል። ጋሽ ላዛ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የቩካሺንን በቀኝ፣ የስሬችኮን በግራ አድርጌ ከፈትኩ።

ግድግዳው ቆመ።

ሌላ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ክፍሉ የሰፋ መሰለኝ፤ ስፒከሮቹ የሉም፤ ጊታሩ ከፍራሹ ኋላ፣ ከፋብሪካው ኋላ ነበር የሚመጣው። ቩካሺን ወንበሩን ይዞ ቆሞ ቀረ። ስሬችኮ ዘፈኑ እየተሰማ ቡሬኩን ሲፈታ ቆይቶ፣ ሲያልቅ «ሳይቀዘቅዝ ብሉ እንጂ» አለ።

«ጥሩ ነው» አለ ቩካሺን። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ እኔም እዚህ ላይ አቆም ነበር። «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ቀድመሃል።»

«ቀደምኩ?»

«ትንሽ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ዘግይተሃል።»

«እንግዲያ ሒሳቡ ተስተካከለ።»

ሚሌቫ ሳቀች። ቩካሺን አልሳቀም። ከቦርሳው ምት የምትቆጥረውን ሜትሮኖሙን አወጣ፤ የራሱን፣ ጠርዟን እጁ የበላባትን።

«ውሰዳት። የቀሩትን ዘፈኖች በሚቀጥለው ሳምንት እንቀዳለን። እስከዚያ ትንሽ ተለማመድባት።»

«ለእኔ?»

«ለአንተ።»

ስሬችኮ ጥላሸት የያዙ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበላት። ምን እንደገባው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፤ ያለፈው አልፏል፤ እንደገና ተጠርቷል። ሲወጣ ደረጃው ላይ ሲያፏጭ ሰማነው።

«ሜትሮኖሙን ባትሰጠው ይሻል ነበር» አልኩት ቩካሺንን።

«ለምን? ለሰው መሣሪያ መስጠት ነውር ሆነ?»

«ባለበት ቢቆይ ነው የሚሻለን።»

«ጎይኮ፣ የልጄ የክርስትና አባት ነው። ትንሽ ቢሻሻል ምን ይጎዳናል?»

ሳምንቱን የተቀዳውን ዘፈን ሚክስ ስናደርግ ከረምን። ቩካሺን አጠገቤ ተቀምጦ ግራውን ትንሽ ዝቅ እንዳደርገው ይጠይቀኛል። ዝቅ ሳደርገው ግድግዳው ወደ ቀኝ ይዘማል። «የኔን ከፍ አድርገው» ይላል። ከፍ ሳደርገው ክፍሉ ይጠባል። ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። በመጨረሻ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ያ ትልቁ ድምፅ ይመለሳል፤ እሱም ትከሻውን ያሳርፍና «አየህ፣ የኔ ነው የያዘው» ይላል። ጋሽ ላዛ ወጥ ቤት ያለችው አሮጌ ራዲዮናቸው ላይ ካልሰሙት አያምኑም ነበር፤ እዚያም ከፈትንላቸው። «ይሄኛው መለከት ቢኖረው ሰርግ ይመራል» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቩካሺን ያን ቀን ለሚስቱ ደውሎ ዘፈኑን በስልክ አሰማት። በስልክ ምን እንደተሰማት አላውቅም፤ እሱ ግን «ሰማሽው? ግድግዳ ነው እኮ» እያለ ግቢውን ዞረው።

ሚሌቫ ከገበያ ወሬ ይዛ ትመጣ ነበር። ስሬችኮ ሜትሮኖሟን ምድጃው ላይ አንጠልጥሏታል። ቃሪያውን የሚያገላብጠው በእሷ ነው። እናቱ «ቃሪያው እንደ ዘንድሮ እኩል ተጠብሶ አያውቅም፤ እኔ ግን ላብድ ነው» ብለዋል።

«መጥፎ ነው» አልኩ።

«ትጋት እኮ ነው» አለ ቩካሺን፤ ደስ ብሎት ነበር።

በተቀጠረው ቀን ስሬችኮ ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ጥላሸቱን ከጣቶቹ አስለቅቋል፣ ጥፍሩን ቆርጧል፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ጊታሩን ሰካና ማንም ሳይጠይቀው «ቃኝቼዋለሁ» አለ።

ሁለተኛውን ዘፈን ተጫወተ። ሶፋው ከደረጃው ወርዶ አልቋል፤ አሁን ሳሎን ውስጥ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ቩካሺን ገና ሲጀምር ክርኑን ጎኔ ላይ አሳረፈ። «ትሰማዋለህ? ገብቶታል። ገብቶታል እኮ።» ዓይኑ እርጥብ ነበር።

ግራና ቀኝ አድርጌ ከፈትኩ።

ኮሪደሩ ተመለሰ። ጠባብ፣ ቀጭን፣ መሃል ላይ የቆመ ጊታር፤ በዚህ ጊዜ ሁለት ሰው ሆነው የሚጫወቱት።

የቩካሺን ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ምን እንደሚሰማ እስኪገባው ድረስ ፊቱ ላይ ቆየ።

«ድገመው» አለ።

ደገመው። ከመጀመሪያው አንድ ነበር። ስሬችኮ ከመቅጃው ክፍል በመስታወቱ በኩል አውራ ጣቱን አሳየን። ሚሌቫ ወደ መሬት አየች።

ቩካሺን ተነስቶ ወደ መቅጃው ክፍል ገባ። እኔም ማይኩን የማስተካክል መስዬ ተከተልኩት።

«አበልጄ» አለው፣ «እንደ ባለፈው ብትጫወተው።»

«ባለፈው ጥፋት ነበረው ብለኸኝ ነበር።»

«ነበረው።»

«አስተካከልኩት።»

«አይቻለሁ። በጣም ነው ያስተካከልከው። አሁን… አታስተካክለው።»

ስሬችኮ አልገባውም። በቅንነት አሰበ፤ ግንባሩ ተሸበሸበ። «እንዴት ነበር የምጫወተው?»

ቩካሺን ጊታሩን ተቀብሎ ሊያሳየው ሞከረ። ከእጁ የወጣው የራሱ አጨዋወት ነበር፤ ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ። ሁለተኛ ሞከረ፤ ያው። ጊታሩን መለሰለት።

«እኔ ያን ጊዜም ልክ የምጫወት ነበር የሚመስለኝ» አለ ስሬችኮ። «እስክትነግረኝ ድረስ።»

«አውቃለሁ።»

«እስቲ የመጀመሪያውን ልስማው።»

ወደ ውጭ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ጮኸ። ከፈትኩለት። ግድግዳው ቆመ። ስሬችኮ ከስፒከር ሰምቶት አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል፤ ያን ቀን ቡሬኩን ሲፈታ ነው ያለፈው። አሁን በትኩረት ሰማ።

«የሱን ብቻ» አለኝ። የቩካሺንን ብቻ ከፈትኩ፤ ጥርት ያለ፣ ትንሽ።

«የኔን ብቻ።»

ከፈትኩለት። አንዴ ሲጣደፍ፣ አንዴ ቆም ሲል፣ ያቺን ሁለተኛ ስንኝ ሲቀድም። በአፉ ምት እየቆጠረ ነበር፤ ሜትሮኖሟ አሠልጥናዋለች፤ እያንዳንዷን ስህተት አሁን ይሰማታል። ጆሮው ቀላ። ሳላስጨርስ ልዘጋው ስል እጁን አንስቶ ከለከለኝ። እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ሁለቱንም አንድ ላይ።»

ሁለቱንም ከፈትኩ። ሲያልቅ ቩካሺን ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። እንዲህ ሲቀራረቡ ካየኋቸው ቆይቷል። ቀጥሎ የተናገረውን ከልቡ ነው የተናገረው፤ ለዚያም ነው እስከ ዛሬ ልሳቅበት የማልችለው።

«ወደ ባንዱ ተመለስ» አለው። «በቃ፣ ተመልሰሃል። አልበሙ ላይ ስምህ ከስሜ ጎን ይጻፋል። ኮንሰርት ላይ ከግራዬ ትቆማለህ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ።»

«ምን?»

«አትለማመድ። ሜትሮኖሟን መልስልኝና እርሳት። አንድ ወር፣ ሁለት ወር እንጠብቅሃለን፤ ይለቅሃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በፍጹም አትሻሻል። ስትሻሻል ከሰማሁህ እነግርሃለሁ፤ ወዲያው ታቆማለህ። እኔ አለሁልህ፣ አበልጄ።»

ስሬችኮ አየው። ተቆጥቶ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን ፈለግኩ፤ አላገኘሁበትም። ከዚያ ተነሳ። ወደ መቅጃው ክፍል ገብቶ ጊታሩን ነቀለ፣ ክሮቹን በጨርቅ አንድ በአንድ ጠረገ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ሜትሮኖሟን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠ። ቩካሺንን ሦስት ጊዜ ሳመው። ሚሌቫን በእጁ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«ልጄን ሳሙልኝ» አለ።

ወረደ።

«አየር ሊወስድ ነው» አለ ቩካሺን። «ትልቅ ነገር ነው የነገርኩት፤ ደንግጧል። ጎይኮ፣ ሁለተኛውን ዘፈን አዘጋጀው፤ ሲመለስ ከመጀመሪያው እንይዘዋለን።»

አዘጋጀሁት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ስሬችኮ ጊታሩን በጀርባው እንዳነገተ ግቢውን አቋረጠ፤ የብረቱን በር እንዳይጮህ ከሥሩ ደግፎ ዘጋው። ገበያው በስተቀኝ ነው፤ ቤቱም በስተቀኝ ነው። እሱ ግን ወደኛ ዞር ብሎም ሳያይ ወደ ግራ ታጠፈ።